ለማን ፈረድህ? ስለ «ዋችመን» እና ስለ ወዳጆቹ ክርክር

አንድ መጽሐፍ ምን ያህል እንደተነበበ ለማወቅ የፈለገ አሳታሚውን ይጠይቅ። እንዴት እንደተነበበ ለማወቅ የፈለገ ግን የመጽሐፉን ወዳጆች ጨዋታ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ። «ዋችመን» የተባለው ሥዕላዊ ልቦለድ ወዳጆች በየኮሚክ መደብሩ፣ በየአድናቂዎች ጉባኤውና በየቡናው ጠረጴዛ ሲከራከሩ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ክርክራቸው ብዙ ቅርንጫፍ ቢኖረውም ግንዱ ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው «ከሁሉም ትክክለኛው ማን ነበር?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ይህን የመሰለ ሌላ ምን አለ? ቀጥዬ ምን ላንብብ?» የሚል ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻቸው የቆሙ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የሥነ ምግባር፣ ሁለተኛው የጣዕም ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ሁለቱ አንድ ናቸው የሚል ነው። ለማን እንደፈረድህ ንገረኝ፣ ቀጥለህ የምታነሣውን መጽሐፍ እነግርሃለሁ። በወዳጆቹ ዘንድ እየተደጋገመ የሚጠራውን የመጻሕፍት ዝርዝር ስንመረምር ደግሞ አንድ የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን፦ መጽሐፉ ለፍርድ ያቀረበው ሰው ተሸላሚ፣ መጽሐፉ ያለቀሰለት ሰው ደግሞ የተረሳ ሆኖ ይታያል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና መጽሐፉን ላላዩ አንባቢያን ጥቂት እንበል። «ዋችመን» ማለት ዘበኞች ወይም ጠባቂዎች ማለት ነው። ስሙ የጥንቱ ሮማዊ ባለቅኔ ጁቬናል ስለ ዘበኞች ካነሣው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ለጠባቂ ጠባቂ ከወዴት ይገኛል የሚለውን አሳብ የተሸከመ ነው። ደራሲው እንግሊዛዊው አለን ሙር፣ ሠዓሊው የአገሩ ልጅ ዴቭ ጊቦንስ፣ ቀለሙን የቀባው ጆን ሂጊንስ ነው። ዲሲ ኮሚክስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1987 በ12 ተከታታይ ክፍሎች አወጣው፤ ወዲያውም በአንድ ጥራዝ ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1988 በሳይንሳዊ ልቦለድ ዓለም የከበረውን የሁጎ ሽልማት አገኘ። በ2005 ደግሞ ታይም መጽሔት ከ1923 ወዲህ በእንግሊዝኛ ከተጻፉ 100 ምርጥ ልቦለዶች አንዱ አድርጎ ቈጠረው።

«ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ የልጆች ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ቆም ብሎ ይመልከት። የንግሥተ ሳባ ታሪክስ ብዙ ጊዜ በ44 ክፈፎች ተከፋፍሎ በሸራ ላይ በተርታ ሲሣል አላየም? በሥዕል ተርታ ታሪክ መንገር ለአገራችን ዓይን እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆንብን ጭምብል ለባሹ ልዕለ ጀግና ነው።

የዚህ ጀግና አባት በ1938 ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የፈጠሩት ሱፐርማን ነው። ከእርሱ በኋላ በደርዘን የሚቈጠሩ ተከተሉት። ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ማንም ሳይመርጣቸውና ሳይሾማቸው፣ ሕግ ያልደረሰበትን በጡንቻቸው ይቀጣሉ፤ ለማንም መልስ አይሰጡም። በ1954 የአሜሪካ አሳታሚዎች ራሳቸው ባወጡት የሥነ ሥርዓት ደንብ መሠረት ክፉ ሁልጊዜ መቀጣት፣ ባለሥልጣንም ሁልጊዜ መከበር ስለነበረበት፣ ይህን የመሰለ ጀግና በጥያቄ ዓይን ማየት ለረዥም ጊዜ የማይታሰብ ነበር። ሙር ያነሣው ጥያቄ እንግዲህ የዋህ የሚመስል ነው፦ እንዲህ ያለ ሰው በእውነት ቢኖርስ? ማታ ማታ ጭምብል አጥልቆ ሰው ሊደበድብ የሚወጣው ምን ዓይነት ሰው ነው? ኃይሉን ለሚያድነው ሕዝብ ነው የሚያውለው ወይስ ለራሱ አሳብ?

ታሪኩ በ1985 በኒውዮርክ ይጀምራል። ግን የምናውቀው 1985 አይደለም። በቤተ ሙከራ አደጋ አካሉ ተበትኖ፣ መልሶ ራሱን የሠራ፣ የፈቀደውን ሁሉ ማድረግ የሚችል ዶክተር ማንሃተን የሚባል ሰው ስላለ አሜሪካ የቬትናምን ጦርነት አሸንፋለች፤ ሪቻርድ ኒክሰንም ከሥልጣን አልወረደም። ለመንግሥት ከሚሠሩት በስተቀር ጭምብል ለባሾች በ1977 በወጣ ሕግ ታግደዋል። ለመንግሥት ከሚሠሩት አንዱ የሆነው ኮሜዲያን ከሕንጻ መስኮት ተወርውሮ ይሞታል። ሕጉን አሻፈረኝ ያለው ሮርሻክ ገዳዩን ፍለጋ ይነሣል።

ፍጻሜውን ሳይነኩ ስለዚህ መጽሐፍ መናገር አይቻልምና ያላነበበ ይቅር ይበለን። ገዳዩ ከቀድሞ ጓዶቻቸው አንዱ፣ ከሰው ልጆች ሁሉ ብልህ ነው የሚባለው ኤድሪያን ቬይት ነው። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር መተላለቃቸው አይቀርም ብሎ ስላመነ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ የሚመስል ግዙፍ ፍጡር በምሥጢር አሠርቶ በኒውዮርክ መካከል ይጥለዋል። ሚሊዮኖች ያልቃሉ። ሁለቱ ኃያላን የጋራ ጠላት መጣብን ብለው ጠባቸውን ያቆማሉ። ሮርሻክ እውነቱን ለዓለም እናገራለሁ ሲል ዶክተር ማንሃተን ይገድለዋል። የቀሩት ዝም ይላሉ።

እንግዲህ ትክክለኛው ማን ነበር?

ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው የወዳጆች ወገን ለሮርሻክ ይፈርዳል። ሁሉ ሲያጎነብስ እርሱ አላጎነበሰም፤ በሐሰት ላይ የቆመ ሰላም አልቀበልም ብሎ ሞተ ይላሉ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ሮርሻክ ማን እንደሆነ መጽሐፉ አልደበቀንም። ገላውን የማይታጠብ፣ ቀዝቃዛ ባቄላ ከነቆርቆሮው የሚበላ፣ ሴቶችን የሚጠየፍ፣ ወሬ ለማውጣጣት ምንም የማያውቅ ሰው ጣት የሚሰብር ሰው ነው። በጭምብሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ይንቀሳቀሳሉ እንጂ ከቶ አይደባለቁም። ልቡም እንዲሁ ነው። አለን ሙር ራሱ ይህን ሰው መጥፎ ምሳሌ አድርጎ እንደቀረጸው፣ ሮርሻክን ራሳቸው አድርገው የሚያዩ አድናቂዎች ሲገጥሙትም እንደሚሸሻቸው በቃለ ምልልስ ተናግሯል።

የደራሲው ቃል ባይኖርም እንኳ ማስረጃው በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ከምዕራፎቹ መጨረሻ እንደ ሰነድ የተያያዙ የጽሑፍ ገጾች ይገኛሉ። ከስድስተኛው ምዕራፍ በኋላ ካሉት አንዱ ሮርሻክ ገና ዋልተር ኮቫክስ የሚባል ልጅ ሳለ ስለ ወላጆቹ የጻፈው ድርሰት ነው። ልጁ በዚህ ድርሰት ፕሬዚዳንት ትሩማንን ያደንቃል። በጃፓን ላይ ቦምቡን መጣላቸው ደግ አደረጉ፤ ጦርነቱ ቢቀጥል ኖሮ ከዚያ የበለጠ ሰው ያልቅ ነበር ይላል። ይህ የቬይት ሒሳብ ነው! ሮርሻክ በጎልማሳነቱ እስከ ሞት የተቃወመውን ስሌት በልጅነቱ አጨብጭቦለታል። ሙር ይህን የጻፈው ጀግናውን ለማዋረድ ብቻ አይመስለንም። «የኔ ወገን ሲያደርገው ትክክል፣ ሌላው ሲያደርገው ወንጀል» የሚለው አስተሳሰብ በሁላችን ውስጥ ከልጅነት ጀምሮ እንደሚበቅል ሊያሳየን ነው። ነገር ግን ብዙ አንባቢ ወደ ሥዕሉ ስለሚቸኩል ሰነዶቹን ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ ጀግናውን ሙሉውን ሳያየው ያፈቅረዋል።

ለሮርሻክ የፈረደ ሰው ቀጥሎ የሚያነሣው መጽሐፍ የታወቀ ነው፦ ፍራንክ ሚለር በዚያው በ1986 ያወጣው «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ»። በዕድሜ የገፋው ባትማን ወደ ጎዳና የሚመለስበት ይህ ሥራ ትልቅ ሥራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሚለር የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። እዚያ የቡጢው ኃይል በመጨረሻ መልስ ይሆናል፤ እዚህ ግን ጥያቄ ሆኖ ይቀራል። ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የመጡት የጨለማና የጭካኔ ኮሚኮች ብዛታቸው ለጉድ ነው። ሙር ራሱ ይህን አዝማሚያ ሲያይ ማዘኑን ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግሯል። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ፈገግታ ባለው ቢጫ ባጅ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አለች፤ ተከታዮቹ ጠብታዋን ወስደው በባልዲ ቀዱት፣ ፈገግታው ለምን እንደተቀመጠ ግን አልጠየቁም። በ2009 ዛክ ስናይደር የሠራው ፊልም እንኳ ክፈፎቹን በታላቅ ታማኝነት እየገለበጠ፣ አጥንት ሲሰበር ግን ካሜራውን አዝግሞ እንድናደንቅ ይጋብዘናል። ዴመን ሊንደሎፍ በ2019 የሠራው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በአንጻሩ የሮርሻክን ጭምብል ለነጭ ዘረኞች ቡድን አልብሶ፣ ታሪኩን በ1921 በተልሳ ከተማ በጥቁሮች ላይ ከተፈጸመው እልቂት ይጀምራል። በ2020 11 የኤሚ ሽልማት የተሸለመው ይህ ድራማ ከመጽሐፉ ብዙ ቢርቅም መጽሐፉን የተሻለ ያነበበው እርሱ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሁለተኛው ወገን ለቬይት ይፈርዳል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ «ዘግናኝ ነው፣ ግን ዓለምን አድኗል» ይላል። ይህን ቋንቋ እኛ ከኮሚክ አልተማርነውም። በ1977ና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን፣ ገና ያልተወለደው ትውልድ ደስ ብሎት እንዲኖር ተብሎ የተወለደው ልጅ በየመንገዱ ወድቆ ሲያድር ያየ አንባቢ፣ ቬይት በቴሌቪዥኖቹ ፊት እጁን ዘርግቶ ድሉን ሲያበስር የሚያየው የሌላ አገር ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። ሙር ለዚህ ወገን የሰጠው መልስ አጭር ነው። ቬይት በመጨረሻ ማረጋገጫ ፈልጎ ማንሃተንን ሲጠይቅ፣ በዓለም ላይ ፍጻሜ የሚባል ነገር እንደሌለ ተነግሮት ብቻውን ይቀራል። የተጣራ ሒሳብ አለኝ ያለው ሰው ድምሩን ከቶ አያየውም።

ይሁንና የቬይት ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ስለሆነ፣ እርሱን ይዞ የሚሄድ አንባቢ ጥሩ መጻሕፍት ያገኛል። ማርክ ግሩንዋልድ ከ1985 እስከ 1986 የጻፈው «ስኳድሮን ሱፕሪም» ከ«ዋችመን» ቀድሞ የጀመረ ነው። ጀግኖቹ ረኃብንና ወንጀልን እናጠፋለን ብለው አገሪቱን ይረከባሉ፤ ወንጀለኞችን በመሣሪያ አእምሯቸውን እስከ መለወጥም ይደርሳሉ። ሥዕሉ ያረጀ፣ ንግግሩም አንዳንዴ የልጆች ነው፤ አሳቡ ግን አላረጀም። ሙር ራሱ ከ1982 ጀምሮ የጻፈው «ሚራክልማን» ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ለንደን በአንድ ልዕለ ሰው እጅ ትፈርሳለች፤ ከፍርስራሹ ላይ ጀግናው ምድራዊ ገነት ይሠራል፤ አንባቢው ግን በዚያ ገነት ውስጥ የሰው ፈቃድ የት እንደገባ ሲፈልግ ይቀራል።

ሦስተኛው ወገን ጥቂት ነው፤ «ለማንም አልፈርድም» የሚል ነው። እርሱ የዶክተር ማንሃተን ወዳጅ ነው። የሰዓት ሠሪ ልጅ የነበረው ይህ ሰው ትናንትን፣ ዛሬንና ነገን በአንድ ጊዜ ያያል። አራተኛው ምዕራፍም ጊዜን እንደ ሰዓት ክፍሎች በታትኖ መልሶ የሚገጥም ድንቅ ሥራ ነው። ይህን ለወደደ አንባቢ ሙር ከኤዲ ካምቤል ጋር ስለ 1888ቱ የለንደን ግድያዎች የሠራውን «ፍሮም ሄል» እንመክራለን። ገዳዩ ዘመናትን አሻግሮ ያያል፤ ማየቱ ግን ንጹሕ አያደርገውም።

እስካሁን የጠራናቸው ሁሉ ጭምብል ለባሾች ወይም እንደ አምላክ የሆኑ ናቸው። አሁን ወደ መንገድ ዳር እንውረድ።

በኒውዮርክ አንድ የመንገድ ማዕዘን ላይ በርናርድ የሚባል ጋዜጣ ሻጭ አለ። ስለ ጦርነቱ ሳይታክት ይለፈልፋል። ከአጠገቡ አንድ ጥቁር ልጅ ተቀምጦ ሳይከፍል የባሕር ወንበዴዎች ኮሚክ ያነባል። መጽሐፉ ከምዕራፍ ምዕራፍ ወደዚህ ማዕዘን ይመለሳል፤ ብዙ አንባቢም ታሪኩን ያዘገየ መስሎት ይሰለቸዋል። በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ሁለቱ ስማቸው አንድ መሆኑን ያውቃሉ። በዚያው ሰዓት ከማዕዘኑ አጠገብ ሁለት ሴቶች ይጣላሉ፤ አንደኛዋ ሌላዋን ትደበድባለች። ሮርሻክን በእስር ቤት ሲመረምር ኑሮው የተናጋው የአእምሮ ሐኪም ማልኮም ሎንግ በቦታው አለ። ሚስቱ በሰው ጠብ ከገባህ ትቼህ እሄዳለሁ ትለዋለች። እርሱ ግን ትቶ ማለፍ አልቻለም፤ ሊገላግል ይሄዳል። ሌሎችም መንገደኞች ይከተሉታል። ጭምብል የለበሰ፣ የታዘዘ፣ የተከፈለው አንድም ሰው በመካከላቸው የለም። ነጩ ብርሃን የሚመጣው በዚህች ቅጽበት ነው። ጋዜጣ ሻጩና ልጁ ተቃቅፈው ይጠፋሉ።

እዚህ ላይ የሠዓሊው ብልሃት ልብ ይባል። ጊቦንስ የገጾቹን አጣጣል በሦስት ረድፍ ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው በዘጠኝ እኩል ክፈፎች ላይ መሥርቶታል። ክፈፎችን እያጣመረ ቢያሰፋም ገጹን በሙሉ ለአንድ ሥዕል አይለቅም፤ ድምፁን አያነሣም። አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ግን ስድስት ገጾች በተከታታይ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ሙሉ ሥዕል፣ ያለ አንዳች ንግግር ሬሳ ያሳዩናል። አሥራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ የተቆጠበው ድምፅ የወጣው ለማንም ጀግና አይደለም። ለዚያ ማዕዘን ነው። መጽሐፉ ለማን እንደፈረደ በቃል አልነገረንም፤ በገጽ ስፋት ነግሮናል። የዚህ ጽሑፍ ፍርድም እዚያው ነው። በ«ዋችመን» ውስጥ ዘበኛ የሚባል ካለ፣ የሰው ጠብ ሊገላግሉ ሥራቸውንና ትዳራቸውን ትተው የሄዱት እነዚያ መንገደኞች ናቸው።

ለእነርሱ የፈረደ አንባቢ ቀጥሎ ምን ያንብብ? ከልዕለ ጀግና ዓለም ሳይወጣ ኩርት ቡሲክና አሌክስ ሮስ በ1994 የሠሩትን «ማርቭልስ» ያንብብ። ተራኪው ፊል ሼልደን የተባለ ጋዜጠኛ ፎቶ አንሺ ነው፤ ጀግኖቹን የምናያቸው ከታች ወደ ላይ፣ ቀና ብለን፣ አቧራው ዓይናችን ውስጥ እየገባ ነው። ቡሲክ በ1995 የጀመረው «አስትሮ ሲቲ» ይህንኑ ዓይን ይዞ ይቀጥላል። ከዚያ ጭምብሉን ጨርሶ ይተውና አርት ስፒገልማን አባቱ ከአውሽቪትስ እንዴት እንደተረፉ የተረከበትን «ማውስ» ያንሣ። አይሁዶች አይጥ፣ ጀርመኖች ድመት ሆነው የተሣሉበት ይህ ሥራ በ1986ና በ1991 በሁለት ቅጽ ወጥቶ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። «ማውስ» ከ«ዋችመን» ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ ሁለቱም የሰውን ቁጥር መልሰው ሰው ያደርጉታል ብለን እንመልሳለን።

ስናመሰግን ነቀፋውንም አንተው። «ዋችመን» ለሴቶቹ የሚገባቸውን አልሰጠም። ሎሪ የተባለችው ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ በአብዛኛው የምትንቀሳቀሰው በወንዶቹ ውሳኔ ዙሪያ ነው፤ ታላቅ ትዕይንቷ እንኳ የዶክተር ማንሃተንን አሳብ ለማስለወጥ የተዘጋጀ ነው። ከዚህ የከበደው ነቀፋ ግን ስለ ቬትናም ነው። ኮሜዲያኑ ነፍሰ ጡር የሆነችበትን ቬትናማዊት ተኩሶ ሲገድላት ስሟን አናውቅም። ለኒውዮርክ ማዕዘን ስድስት ገጽ ያለቀሰ መጽሐፍ ለሳይጎን ማዕዘን አልሠራላትም፤ ጋዜጣ ሻጯንም አላሳየንም። ጦርነት በሌላው አገር ሲሆን ምን እንደሚመስል ከዚያው ማዕዘን ለማየት የፈለገ የጆ ሳኮን «ፓለስታይን» ይፈልግ፤ ከ1993 እስከ 1995 በተከታታይ የወጣ፣ ሠዓሊው ራሱ በየቤቱ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ የሰማውን የሣለበት የጋዜጠኝነት ሥራ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀጥዬ ምን ላንብብ ለሚል ሰው አሳታሚው ራሱ ዝግጁ መልስ አለው፦ በ2012 የወጣው «ቢፎር ዋችመን»፣ ከ2017 እስከ 2019 የወጣው «ዱምስዴይ ክሎክ»። ሙርና ጊቦንስ በፈረሙት ውል መሠረት መጽሐፉ ከኅትመት ሲወጣ መብቱ ወደ እነርሱ ይመለስ ነበር። መጽሐፉ ግን እጅግ ስለተወደደ ከኅትመት ወጥቶ አያውቅም፤ መብቱም አልተመለሰም። ሙር ከተከታዮቹ ሥራዎች ሁሉ ራሱን አግልሏል። በእነዚህ ጥራዞች ውስጥ ያማሩ ገጾች አይጠፉም። ነገር ግን ስሙን እንጂ ጥያቄውን አልወረሱም።

በአማርኛ የልዕለ ጀግና ኮሚክ ገና ዳዴ እያለ ነው። በ2018 በኤታን ኮሚክስ በኩል በበስራት ደበበ አማካይነት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የራሳችንን ጀግና አሳይቶናል፤ መልካም ጅምር ነው። የሚቀጥሉት ደራስያንና ሠዓልያን ወደ «ዋችመን» ሲመለከቱ ጭምብሉን ወይም ደሙን ቀድተው እንዳይመለሱ እንመኛለን። ጀግናው ከላይ ሲያልፍ ከታች ያለው ሊስትሮ ብሩሹን ይዞ ቀና ብሎ ምን እንዳለ የሚጽፍልን ሰው እንጠብቃለን።